ሲሮጡ የታጠቁት ብሎን ሲሮጡ ይፈታል

የሞተር ፑሊ መፍቻው በየጋራዡ አለ፤ መልሶ ማሰሪያውስ?

መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የቸገረው ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚደርስበት ሰፈር ነው። በየሱቁ ደጃፍ ችንጋው ተሰቅሎ፣ ዲናሞው ተደርድሮ፣ ፒስተኑና ኩሽኔታው በየመደርደሪያው ተከምሮ ይታያል። በዚህ ሁሉ መሀል በቆርቆሮ ውስጥ የተዘራ፣ ዘይት የጠጣ የብሎን ክምር አይጠፋም። ገዢው ከጋራዥ የተሰጠውን ናሙና ከኪሱ አውጥቶ ከክምሩ ጋር ያስተያያል፤ ውፍረቱና ርዝመቱ ከገጠመለት ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ከፍሎ ይሄዳል። ግብይቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከእነዚያ ብሎኖች መካከል አንዱ ግን በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ይኸውም የሞተሩን የፊት ፑሊ ከክራንክ ሻፍቱ፣ በጋራዥ ቋንቋ ከኮሎው ጋር አጣብቆ የሚይዘው ብሎን ነው። በዋጋ ከታየ ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ ዝቅተኛው ተርታ ላይ ይመደባል። ከላላ ግን ይዞት የሚሄደው ኮሎውን ነው። ኮሎ ተበላሸ ማለት ደግሞ ሞተር ወረደ ማለት ነው።

የመኪና ጥገና ገበያው በዚህች ብሎን ላይ አንድ እንግዳ ጠባይ ያሳያል። ለመፍታት የሚያስፈልገው መሣሪያ በብዛት ይገኛል፤ ለማሰር የሚያስፈልገው ግን ብዙ ፈላጊ የለውም። ምክንያቱ የመካኒኩ ስንፍና አይደለም። ጉዳዩ ሲመረመር ማን እንደሚያተርፍና ማን እንደሚከስር የሚወስን የገበያ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ፑሊውና ሥራው

ፑሊው ከሞተሩ ፊት ለፊት ከኮሎው ጫፍ ላይ የተገጠመ ጎማ መሰል ብረት ነው። ኮሎው ሲዞር አብሮ ይዞራል፤ በላዩ በተጠመጠመው ችንጋም ዲናሞውን፣ የአየር ማቀዝቀዣውን፣ በብዙ መኪናዎች ላይም የውኃ ፓምፑንና የመሪውን ፓምፕ ያዞራል። በብዙ ሞተሮች ላይ ፑሊው አንድ ወጥ ብረት አይደለም። የውስጡና የውጩ ቀለበት በመካከላቸው በተጣበቀ ጎማ የተያያዙ ሲሆን፣ ይህም ኮሎው በእያንዳንዱ ፍንዳታ የሚደርስበትን ንዝረት ይውጣል።

ብዙ ሰው ፑሊውን ከኮሎው ጋር አያይዛ የምታዞረው በመካከላቸው የምትገባው ትንሿ የብረት ሽብልቅ ትመስለዋለች። የሽብልቋ ዋና ሥራ ግን ፑሊውና የታይሚንግ ጥርሱ በትክክለኛው ቦታ እንዲቀመጡ ማድረግ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው በብሎኑ ጥብቀት የተነሳ በሁለቱ ብረቶች ፊት መካከል የሚፈጠረው መጣበቅ ነው። ብሎኑ ትንሽ ሲላላ መጣበቁ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ሸክሙ በሽብልቋ ላይ ይወድቃል። ሽብልቋ ወዲያና ወዲህ እየተመታች መቀመጫዋን ታሰፋለች። መቀመጫዋ ያለው ደግሞ ኮሎው ላይ ነው።

አንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ጭራሽ ሽብልቅ የላቸውም። የፎርድ ዱራቴክ ሞተር ለምሳሌ ፑሊውንም የታይሚንግ ጥርሱንም የሚይዘው በብሎኑ ጥብቀት ብቻ ነው። በዚህ ዓይነቱ ሞተር ላይ ብሎኑ ሲፈታ የሞተሩ ታይሚንግ አብሮ ሊዛባ ስለሚችል ኮሎውንና ካምሻፍቱን ቆልፎ የሚይዝ መሣሪያ ሳይያዝ ሥራው አይጀመርም።

ፈቺው ወዲያው፣ ባለመኪናው ቆይቶ

ፑሊው በየጊዜው መፈታቱ አይቀርም። የፊት ዘይት ማገጃው ጎማ ሲያፈስ፣ የታይሚንግ ሽፋኑ ሲከፈት፣ በአሮጌዎቹ ባለ ችንጋ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ የታይሚንግ ችንጋው በተቀየረ ቁጥር ፑሊው ይወርዳል።

ሲፈታ ችግሩ ግልጽ ነው። ብሎኑ እምቢ ካለ ሥራው ቆመ፤ መኪናው ጋራዡን ዘግቶ ተቀመጠ። ስለዚህ መካኒኩ በመፍቻ ላይ ገንዘቡን ያወጣል። ወፍራም ቡሶላ፣ ረጅም እጀታ፣ በእጀታው ላይ የሚቀጠል ቱቦ፣ ሦስት እግር ያለው መንቀያ፣ ከተገኘም በአየር የሚሠራ መፍቻ ይገዛል። ይህ ሁሉ ከሌለም ዘዴ አለ። ቡሶላው ብሎኑ ላይ ገብቶ፣ እጀታው ከሻሲው ጋር ተደግፎ፣ ሞተሪኖው ለአፍታ ይመታል። አደገኛ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይፈታል።

ሲታሰር ግን ነገሩ ይለወጣል። በጥሩ ሁኔታ የታሰረውና በግምት የታሰረው ብሎን በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። መኪናው ይነሳል፣ ባለመኪናው ይከፍላል፣ ይሄዳል። ጉድለቱ ከታየ የሚታየው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ምክንያቱ የብሎኑ አለመጥበቅ ነው ብሎ የሚያስረዳ ማስረጃ በእጁ ያለ ሰው የለም። በአጭሩ፣ በመፍታት ላይ የሚደርሰውን ኪሳራ የሚሸከመው ጋራዡ ሲሆን፣ በማሰር ላይ የሚደርሰውን የሚሸከመው ባለመኪናው ነው። ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ኪሳራው ለሚነካው ነገር ነውና የማሰሪያው ገበያ ቢቀዘቅዝ አይገርምም።

ከላዳ ወደ ቪትዝ

ለአሥርት ዓመታት የአዲስ አበባ ታክሲ ሲባል በብዙ ሰው ዓይን የሚመጣው ሰማያዊና ነጩ ላዳ ነበር። የላዳው ፑሊ የሚታሰረው በ38 ሚሊሜትር ትልቅ ዳዶ ነው። ዳዶው ፊቱ ላይ ጥርስ ያለው ሲሆን፣ ይህም ሞተሩን በእጅ አዙሮ ማስነሻውን ብረት እንዲቀበል ታስቦ የተሠራ ነው። ላዳ በእጅ ካምቢዮ የሚሄድ በመሆኑ ዳዶው ሲጠብቅ ኮሎው አብሮ እንዳይዞር ለማድረግ ማርሽ ማስገባትና ፍሬን መያዝ ብዙ ጊዜ ይበቃ ነበር። አንድ የ38 ቁልፍና አንድ ረዳት ካለ ሥራው ይሄዳል።

በኋላ ከተማውን የሞሉት ቪትዝን የመሳሰሉ አነስተኛ ቶዮታዎች ግን አብዛኞቹ አውቶማቲክ ናቸው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በዘይት አማካይነት በመሆኑ ማርሽ ቢገባም፣ ፍሬን ቢረገጥም ኮሎው ይዞራል። የቀድሞው ዘዴ እዚህ ላይ አይሠራም ማለት ነው። ፑሊውን በራሱ ቀዳዳዎች በኩል የሚይዝ ማገጃ ወይም የኋላውን ጥርስ የሚቆልፍ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ መካኒኩ ያለው አማራጭ ሁለት ነው፤ ወይ ችንጋ ጠምጥሞ እየታገለ ይይዛል፣ ወይ በአየር መፍቻው ለጥቂት ሰከንድ መትቶ ይተወዋል። የአየር መፍቻው ደግሞ የሚመታው በጉልበት እንጂ በልክ አይደለም።

የሞተሪኖው ዘዴም እዚህ ላይ ያልቃል። ሞተሪኖ ብሎን ይፈታል እንጂ አያጠብቅም።

ልኩ ስንት ነው?

የማጥበቂያ ልክ የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። በኮሮላ ላይ በብዛት የሚታወቀው ባለ 1.6 ሊትሩ 4 ኤ ኤፍ ኢ ሞተር የፑሊ ብሎኑ በ118 ይታሰራል። ባለ 1.8 ሊትሩ 1 ዜድ ዜድ ኤፍ ኢ በ138፣ በብዙ አነስተኛ ቶዮታዎች ላይ የሚገኘው ባለ 1.5 ሊትሩ 1 ኤን ዜድ ኤፍ ኢ ደግሞ በ128 ነው። የላንድክሩዘሩ ባለ 4.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ 1 ኤፍ ዜድ ኤፍ ኢ፣ 412 ይጠይቃል። ይህ ቁጥር ከኮሮላው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

ቁጥሩ በጉልበት ሲተረጎም ነገሩ ይበልጥ ይገባል። 128 ኒውተን ሜትር ማለት አንድ ሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ 13 ኪሎ ያህል ማንጠልጠል ማለት ነው። እጀታው 30 ሳንቲሜትር ብቻ ከሆነ ግን 43 ኪሎ ተኩል ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። የላንድክሩዘሩን 412 በዚያው አጭር እጀታ ላምጣ የሚል ሰው ከ140 ኪሎ ያላነሰ መጫን አለበት። “እጄ ያውቀዋል” የሚለው አነጋገር ለአንዱ መኪና ቢሠራ ለሌላው አይሠራም። የለመደው እጅ የሚያውቀው የለመደውን መኪና ነውና።

ልክን ቆጥሮ የሚያሳየው ቶርክ ሬንች የሚባለው ቁልፍ ነው። እርሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። ከሥራ በኋላ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ካልተመለሰ ስፕሪንጉ እየደከመ ይሄዳል፤ ብሎን መፍቻ ከሆነ ልኩ ይዛባል። የብሎኑ ጥርስ ዘይት መቀባትና አለመቀባትም ለውጥ ያመጣል። በተቀባ ጥርስ ላይ ያው ቁጥር ብሎኑን የበለጠ ይስበዋል። ስለዚህ ይቀባ ወይስ ይድረቅ የሚለውን የሚወስነው የመኪናው የጥገና መመሪያ ነው።

በክምሩ ውስጥ ያለው ብሎን

ወደ ሶማሌ ተራው ቆርቆሮ እንመለስ። ገዢው የሚያየው ሦስት ነገር ነው፤ ውፍረት፣ ርዝመት፣ ዋጋ። የማያየው ግን ይበልጣል።

የመጀመሪያው የብረቱ ደረጃ ነው። በብዙ ብሎኖች ራስ ላይ 8.8፣ 10.9 ወይም 12.9 ተብሎ ይጻፋል። የፊተኛው ቁጥር በ100 ሲባዛ ብረቱ ሳይበጠስ የሚችለውን የመሳብ ጉልበት በሜጋፓስካል ይሰጣል። የኋለኛው ደግሞ ከዚያ ጉልበት ስንት እጅ እስኪደርስ ብሎኑ ተለጥጦ እንደማይቀር ያመለክታል። በዚህ ስሌት 8.8 የተጻፈበት ብሎን 640 ላይ መለጠጥ ሲጀምር 10.9 የተጻፈበት እስከ 900 ይቆያል። ሁለቱ በመልክ መንትያ ናቸው። የመኪና ፋብሪካዎች የራሳቸውን ምልክት የሚያደርጉባቸው ብሎኖችም ስላሉ አስተማማኙ መንገድ በዕቃው ቁጥር መግዛት ነው።

ሁለተኛው የጥርሱ ርቀት ነው። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የተለመደ ብሎን በጥርሶቹ መካከል 1.75 ሚሊሜትር ርቀት አለው። በሞተር ላይ የሚገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ደቃቅ ጥርስ ነው፤ 1.25 ወይም 1.5። አንዱ በሌላው ቀዳዳ በጣት ሁለት ዙር ሊገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ በቁልፍ የሚገፋው ሰው እያጠበቀ ሳይሆን የኮሎውን ጥርስ እየላጨ ነው።

ሦስተኛው የብሎኑ ታሪክ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች የፑሊ ብሎኑን ተለጥጦ እንዲይዝ አድርገው ስለሚሠሩት ከተፈታ ወዲያ ተመልሶ አይታሰርም። በፎልክስቫገን ባለ 1.9 ሊትር ቲ ዲ አይ ናፍጣ ሞተር ላይ ኮሎው ጫፍ ያለው ብሎን በ120 ኒውተን ሜትር ከታሰረ በኋላ ተጨማሪ ሩብ ዙር እንዲዞር ይደረጋል፤ በተፈታ ቁጥርም በአዲስ እንዲተካ ታዟል። አንድ ጊዜ የተለጠጠ ብሎን ታጥቦ ቆርቆሮው ውስጥ ሲገባ ከአዲሱ የሚለየው ዓይን የለም።

የኢኮኖሚክስ ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ያስረዱት ይህንኑ ነው። ምሳሌያቸው ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ ነበር። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ ገዢው ለደህናውም ለመጥፎውም አማካይ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ ደህና ዕቃ ያለው ሰው አይሸጥም። ገበያው ውስጥ የሚቀረው መጥፎው ይሆናል። ለዚህ ሥራ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። የብሎኑ ገበያ ከመኪናው ገበያ አንድ እርምጃ ይብሳል። ያገለገለ መኪና ቢያንስ ተነድቶ ይሞከራል፤ ብሎን ግን የሚሞከረው ሞተሩ ላይ ነው።

መዶሻ ወይስ ማስገቢያ?

በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ፑሊው በእጅ ተገፍቶ ይገባል። በሌሎች ላይ ግን በጥብቀት የሚገባ ስለሆነ የሚገፋው ነገር ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይሠራሉ።

አንዱ በመዶሻ መምታት ነው። ምቱ በፑሊው አልፎ ኮሎውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ የኮሎውን የፊትና የኋላ እንቅስቃሴ የሚገድቡትን ቀለበቶች ይጎዳል። በፑሊው ቀለበቶች መካከል ያለውን ጎማም ያላቅቃል። ሌላው ብሎኑን ራሱን እንደ መሳቢያ መጠቀም ነው። ፑሊው ገና ሳይገባ ብሎኑ የሚይዘው የኮሎውን ጥቂት ጥርሶች ብቻ ነው። ጠቅላላው የመግፋት ጉልበት በእነዚያ ሦስት አራት ጥርሶች ላይ ሲያርፍ ጥርሶቹ ተልጠው ይወጣሉ።

ትክክለኛው መሣሪያ ቀላል ነው። ጫፉ በኮሎው ቀዳዳ ጥርስ ልክ የተሠራ ረጅም ብሎን ዘንግ፣ አንድ ዳዶ፣ አንድ ወፍራም ሮንዴላ፣ በመካከላቸውም የሚያሽከረክር ኩሽኔታ ነው። ዘንጉ እስከ መጨረሻው ወደ ኮሎው ይገባል፤ ከዚያ የሚዞረው ዳዶው ብቻ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ፑሊው ቀጥ ብሎ ይገባል፤ የኮሎው ጥርስም አይፋተግም።

ይህን መሣሪያ ከውጭ ማስመጣት ግድ አይደለም። የምናለሽ ተራን የብረት ሠራተኞች የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው በአገር ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነው። ጥንቃቄው አንድ ነው። በሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚሸጠው ባለ ጥርስ ዘንግ ሰፊ ጥርስ ያለው ነው፤ 12 ሚሊሜትሩ 1.75፣ 14 እና 16 ሚሊሜትሩ ደግሞ 2 ሚሊሜትር ርቀት አላቸው። ለኮሎ የሚሆነው ዘንግ በቶርኖ ላይ በደቃቁ ጥርስ ልክ መውጣት አለበት። ናሙናውም የሞተሩ የራሱ ብሎን ነው።

አሮጌ ብሎን ጨርሶ አይጠቅምም ማለትም አይደለም። የሼቭሮሌት ኤል ኤስ ሞተሮች የጥገና ሥርዓት ሁለቱንም ይጠቀማል። ፑሊው ቦታውን ይዞ እንዲቀመጥ በአሮጌው ብሎን በ330 ኒውተን ሜትር ይታሰራል፤ ከዚያ አሮጌው ወጥቶ ይጣልና አዲሱ በ50 ኒውተን ሜትርና ተጨማሪ 140 ዲግሪ ይታሰራል። አሮጌው ለመግፋት፣ አዲሱ ለመያዝ ማለት ነው።

ፋብሪካም ይሳሳታል

ነገሩ የአገር ቤት ጋራዥ ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ የማዝዳን ታሪክ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1989 ገበያ ላይ የወጣው ኤም ኤክስ 5 የተባለው አነስተኛ ክፍት መኪና የመጀመሪያ ሞተሮቹ የኮሎ ጫፍ አጭር፣ ብሎኑም ቀጭን ነበር። የማጥበቂያ ልኩ ከ108 እስከ 118 ኒውተን ሜትር ነው። በአንዳንዶቹ መኪናዎች ላይ ብሎኑ ሲላላ ሽብልቋ መቀመጫዋን ታሰፋለች፤ ታይሚንጉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ መኪናው ጉልበት ያጣል። ባለመኪናው ብልሽቱን በነዳጅና በእሳት ሲፈልግ ኮሎው ያልቃል። ማዝዳ በ1991 የኮሎውን ጫፍ አስረዝሞ፣ ብሎኑን አወፍሮ፣ ልኩንም ከ157 እስከ 167 አደረሰው። በብሎን የቆጠበው ፋብሪካ ኮሎውን እንደገና ለመሥራት ተገደደ።

ሒሳቡ

እንግዲህ የባለመኪናው ሒሳብ ምን ይመስላል? ለምሳሌ ያህል የአዲሱ ብሎን ዋጋ 1 ቢሆን፣ ሞተር ማውረጃው፣ ኮሎው፣ ሬክቲፊካውና መኪናው የቆመበት ቀን ተደምሮ 200 ይሁን እንበል። አሮጌውን ብሎን መልሶ ማሰር የሚያዋጣው አደጋው ከ200 ጊዜ ከአንድ ጊዜ ያነሰ መሆኑን እርግጠኛ ለሆነ ሰው ብቻ ነው። ታሪኩን በማያውቀው ብሎን፣ ልኩን በማያውቀው ጉልበት ያሰረ ሰው ይህን እርግጠኝነት ከየት ያመጣዋል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል።

በመለኪያው ቁልፍ ላይም ሒሳቡ ተመሳሳይ ነው። ለአንድ ትንሽ ጋራዥ ውድ የሚመስለው መሣሪያ ለአምስት ጎረቤት ጋራዦች ሲካፈል ወይም በየሥራው ሲከራይ ዋጋው ይቀልላል። ብሎን ሻጩ ራሱ ለገዢው መለኪያውን ቢያከራይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያተርፋል። እስካሁን ይህን ገበያ ያቀዘቀዘው ባለመኪናው አለመጠየቁ ነው። ደንበኛ ያልጠየቀውን ጥራት ማንም ነጋዴ በራሱ ኪሳራ አያቀርብም።

ጊዜውም ሒሳቡን አክብዶታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሦስቱ ሲደመሩ መልእክታቸው አንድ ነው። በመንገድ ላይ ያለው የነዳጅ ሞተር ተተኪው ሩቅ፣ መለዋወጫው ውድ ነው። ያለውን ማቆየት ግድ ሆኗል።

ስለዚህ ፑሊው የተፈታበት ባለመኪና መኪናውን ከመረከቡ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ቢጠይቅ መብቱ ነው። ብሎኑ አዲስ ነው ወይስ ያው? ልኩ ስንት ነው፣ በምንስ ተለካ? ሲጠብቅ ኮሎው በምን ተያዘ? ሦስቱንም የሚመልስ መካኒክ የእጅ ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢል አያስቆጭም። አንዱንም የማይመልስ ከሆነ ግን ሒሳቡ ገና አልተዘጋም፤ ቀሪው በሌላ ቀን፣ ምናልባትም በሩቅ መንገድ ላይ ይከፈላል።